ፀሐይ አይታችሁ ባሕር አትግቡ

ካሊፎርኒያ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፀሐይ፣ አሸዋና በሰሌዳ ላይ ቆመው በማዕበል የሚንሸራተቱ ወጣቶች ናቸው። እኔ በምኖርበት በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ አካባቢ የሚያድጉ ልጆቻችንም አንድ ቀን ሰርፊንግ ልማር ማለታቸው አይቀርም። “ምን ዓይነት ልብስ ልግዛለት?” ብለው ለሚጠይቁኝ ወላጆች፣ አስቀድመው የውሃውን ሙቀት እንዲያውቁ እነግራቸዋለሁ።

በሶደሬ ወይም በላንጋኖ ዋና የለመደ ሰው፣ ፀሐይ ከወጣ ውሃውም ይሞቃል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሰሜን ካሊፎርኒያ ባሕር ግን እንዲህ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ ዳርቻ የውሃው ሙቀት በአብዛኛው ከ11 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይበልጥ የሚቀዘቅዘውም አየሩ መሞቅ ሲጀምር፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን ባሉት ወራት ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ነፋስ ነው። በእነዚህ ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ነፋስ ዳርቻውን ይዞ ሲነፍስ፣ ከመሬት መሽከርከር ጋር ተዳምሮ የላይኛውን ውሃ ወደ ውቅያኖሱ ያርቀዋል። በእርሱ ምትክ ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ነፋሱ ረገብ በሚልበት በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ውሃው ከሌላው ጊዜ ሞቅ ይላል። በደቡብ፣ በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ፣ በበጋ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል። በዚያች ቅጽበት ራሱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ጥቂት ቆይቶም እጅና እግሩ አልታዘዝ ይሉታል። ጎበዝ ዋናተኛ ሳይቀር የሚሰጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

መከላከያው ዌትሱት የሚባለው ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሐሳብ ያመጣው በዚሁ አካባቢ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ብራድነር ነው። ብራድነር የተረዳው ሰውየው ደረቅ መሆን እንደማያስፈልገው ነበር። ልብሱ የሚሠራበት ኒዮፕሪን የተባለ ጎማ በውስጡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ስላሉት ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። በልብሱና በገላ መካከል የሚገባው ጥቂት ውሃም በሰውነት ሙቀት ይሞቃል።

በልብሱ ላይ 4/3 ተብሎ ከተጻፈ ደረትና ጀርባው 4፣ እጅና እግሩ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው ማለት ነው። ለሳን ፍራንሲስኮ ባሕር 4/3 ከጎማ ጫማ ጋር፣ ቀዝቃዛ ለሚበዛበት ሰው ደግሞ ቆብ ያለው 5/4 ይመረጣል። ለሎስ አንጀለስ በጋ 3/2 ወይም ከዚያ የሳሳ ይበቃል።

ውፍረቱ ትክክል ሆኖ ልኩ ከሰፋ ግን ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። በሰፊ ልብስ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ የሞቀውን አጥቦ ይወጣል። ስለዚህ ልጁ ሲለካ ብብቱ ሥር፣ ወገቡ ላይና ጉልበቱ ጀርባ ክፍተት መኖሩን እዩ። መጥበቁ ያለ ነው፤ ነገር ግን አንገቱን ማነቅ ወይም ክንዱን እንዳያነሣ መከልከል የለበትም። “ያድግበታል” ብሎ ሰፊ መግዛት ለጃኬት እንጂ ለዚህ አይሆንም። ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ፣ ለጊዜው መከራየት ይሻላል። ስፌቱም ይታይ፤ በማጣበቂያ የታሸገ ስፌት ውሃ የሚያስገባው ጥቂት ነው።

በሄዳችሁበት ቀን የውሃውን ሙቀት የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በባሕር ላይ ካኖራቸው ተንሳፋፊ መለኪያዎች በኢንተርኔት ታገኙታላችሁ። ዌትሱት በመጠኑ ቢያንሳፍፍም የሕይወት አድን ጃኬት አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮው ኦሽን ቢች ወደ ጥልቁ የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ ስላለ ለጀማሪ አይመከርም። በፓሲፊካ ከተማ የሚገኘው ሊንዳ ማር፣ ያውም ከአስተማሪ ጋር፣ ለመጀመሪያ ቀን ይሻላል።