ሳይወጣ የተከፈለበት ጌም

ሰሞኑን የአሥራ ሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ «እማማ፣ አዲስ ጌም ሊወጣ ነው፤ ከአሁኑ ካልከፈልን ያመልጠናል» ብሎ ያዘኝ። ገና ላልወጣ ነገር! እኔም የሳይበርፐንክ 2077ን ታሪክ አጫወትኩት።

ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ የተባለው የፖላንድ ድርጅት ይህን የቪዲዮ ጌም እንደሚሠራ ያስታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ማስታወቂያና ቀጠሮ ሆነ። በ2020 ብቻ ቀጠሮው ሦስት ጊዜ ተራዘመ። ጉጉቱ ግን ባሰበት እንጂ አልበረደም፤ በዲሴምበር 10 ሲወጣ 8 ሚሊዮን ቅጂ አስቀድሞ ተሽጦ ነበር። ጉልበት ባለው ኮምፒውተር ላይ ደህና ሠራ። በብዙ ቤት ባለው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን ይንቀረፈፋል፣ በመሀል ይቋረጣል። በሳምንቱ ሶኒ ከመደብሩ አወረደው፤ ለገዙትም «ገንዘባችሁን እመልሳለሁ» አለ።

ጌሙ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ታርሞ ታርሞ በ2023 ሽያጩ 25 ሚሊዮን ደርሷል። የተቀየሙት ግን አምነው ቀድመው የከፈሉት ናቸው። በነርስነት ዘመኔ ታማሚን «ነገ ትነሣለህ» አልልም ነበር። በሦስተኛው ቀን ቢነሣ እንኳ በማግስቱ ሆድ ይብሰዋል፤ ያው መዳን እንደ መዘግየት ይቆጠርበታል።

እናም በእኛ ቤት ጌም ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት እንቆያለን። ልጁ የተጫወቱትን ጠይቆ ይነግረኛል፤ እኔ ሽፋኑ ላይ የዕድሜ ገደቡን አያለሁ። ሳይበርፐንክ ራሱ በአውሮፓ ከ18 ዓመት በታች ላለ አይፈቀድም። ይህን ስነግረው አኮረፈ፤ እስከ እራት።