ከኪኒኑ በፊት ሚዶው

ዴንቨርና አውሮራ በሚገናኙበት በሎውሪ ሰፈር ውሻ የሚያሳድግ ሐበሻ ስለ ቁንጫ ቢጠይቅ የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ኮሎራዶ ደረቅ አገር ነው፤ እዚህ ቁንጫ የለም» ይለዋል። ሌላው «ኪኒኑን በየወሩ ስጠውና ተገላገል» ይለዋል። ሁለቱም ውሻውን ሳያዩ የሚመክሩ ናቸው። በእኔ እምነት መቅደም ያለበት ማየት ነው። ለማየት ደግሞ ጥርሱ እጅግ የተቀራረበው የቁንጫ ሚዶ፣ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ተራ ዕቃ፣ ተወዳዳሪ የለውም። ሚዶው ቁንጫን ከቤት ነቅሎ አያጠፋም። መኖር አለመኖሩን ግን ከማንም ቀድሞ ይናገራል፤ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው።

«ቁንጫ የለም» ባዮቹ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በውሻና በድመት ላይ የሚበዛው ቁንጫ እንስቷ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ጸጉር ላይ ስለማይጣበቅ ውሻው በተኛበት ሁሉ እየረገፈ ምንጣፍና ፍራሽ ውስጥ ይገባል። የሚፈለፈለው ትል ያለ እርጥበት አይኖርም፤ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ ደርቆ ይሞታል። ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው የዴንቨር ደረቅ አየር ለዚህ ትል አይመችም። አገር ቤት ውሃ እየተረጨ በሚጠረግ የአፈር ወለል ላይ ቁንጫ እንዴት እንደሚራባ ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ይሁንና የውጭው አየር ደረቅ ነው ማለት ቤቱም ደረቅ ነው ማለት አይደለም። በክረምት አየር የሚያረጥብ ማሽን ሲሠራበት የሚያድር መኝታ ቤት፣ የሚያልበው ቤዝመንት፣ ዘወትር ውሃ የሚጠጣው የጥላ ሥር ሣር ለቁንጫ ይመቻሉ። ከቴክሳስና ከሌሎች ሞቃት ግዛቶች ወደ ኮሎራዶ የሚመጡ ውሾችም ቁንጫቸውን ይዘው ሊገቡ ይችላሉ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው የዱር እንስሳት ቁንጫ ነው። ሎውሪ እ.ኤ.አ. በ1994 እስኪዘጋ ድረስ የአየር ኃይል ሰፈር ነበር፤ ዛሬ መኖሪያ ቤቶችና ሰፋፊ መናፈሻዎች ይዞ በዌስተርሊ ክሪክ ዳር ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል። ያ ሣር የጥንቸልና የስኩዊረል መዋያም ነው። በኮሎራዶ የስኩዊረል ቁንጫ፣ በተለይም ጉድጓድ ምሶ በመንጋ የሚኖረው የፕሬሪ ዶግ ቁንጫ፣ አልፎ አልፎ ፕሌግ የሚባለውን ጥንታዊ ቸነፈር ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሎውሪ ብዙ በማይርቀው በሲቲ ፓርክ ስኩዊረሎች በፕሌግ አለቁ፤ እዚያው ባለው በዴንቨር መካነ እንስሳት አንድ ጦጣ ሞተ። በ2014 በአዳምስ ካውንቲ አንድ ውሻ በፕሌግ ታሞ ባለቤቱን ጨምሮ አራት ሰዎች ታመሙ፤ ሁሉም በሕክምና ዳኑ። በ2019 ደግሞ በሽታው በፕሬሪ ዶጎች መካከል ስለተነሳ የሮኪ ማውንቴን አርሰናል የዱር እንስሳት መጠለያ በከፊል ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሰውን ለማስደንገጥ አይደለም፤ በሽታው ብርቅ ነው፣ ቶሎ ከተደረሰበትም በአንቲባዮቲክ ይድናል። ቁንጫ ብዙ ጊዜ በማይታይበት አገር አንድ ቁንጫ መገኘቱ ግን «ከየት መጣ?» ሊያሰኝ ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጥድፊያ ግን አይወድም። መጀመሪያ የተያያዘውን ጸጉር በተራ ማበጠሪያ ፈታ ማድረግ፣ ውሻውን ብርሃን ባለበት ነጭ ፎጣ ላይ ማቆም፣ አጠገቡ የሳህን ሳሙና የተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ማስቀመጥ። ከዚያ ሚዶውን ከቆዳው ጋር እያገናኙ ከአንገት መጀመርና ወደ ጀርባ፣ ወደ ብብት፣ ወደ ሆድ፣ በተለይም ወደ ጭራው ሥር መውረድ። በእያንዳንዱ ማበጠር የሚዶውን ጥርስ ማየት ያስፈልጋል። ቁንጫ ከተያዘ ሚዶውን ከነቁንጫው ሳሙናው ውስጥ መንከር ነው፤ ሳሙናው ውሃው ላይ እንዳይንሳፈፍ ስለሚያደርገው ሰምጦ ይሞታል። በሁለት አውራ ጣት ጥፍር ማፍረጥ የቆየ ልማዳችን ቢሆንም፣ ሆዱ ውስጥ ጀርም ሊኖር ስለሚችል መቅረት አለበት። ቁንጫው ባይገኝም ተስፋ አይቆረጥም፤ ጥርሱ ላይ የቀረውን እንደ ቁንዶ በርበሬ ስባሪ ያለ ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ ማራገፍ ነው። አፈር ከሆነ አፈር ሆኖ ይቀራል፤ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ ግን የቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የተፈጨ ደም ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚያነሱት ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ሚዶ የሚያወጣው ያደገውን ቁንጫ ብቻ ነው። እሱ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል እንደሆነ ይገመታል፤ እንቁላሉ፣ ትሉና በድር ተጠቅልሎ ገና ያልወጣው ቁንጫ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁንጫ ሲገኝ የውሻውን መኝታ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ምንጣፉን በቫኪዩም ደጋግሞ መጥረግና ሐኪም የመረጠውን መድኃኒት በቤት ላለ እንስሳ ሁሉ መስጠት የግድ ነው። «ታዲያ ለምን በኪኒኑ አንጀምርም?» ለሚል መልሱ ማሳከክ ሁሉ ቁንጫ አለመሆኑ ነው፤ በደረቁ ዴንቨር ቆዳው የደረቀም አለርጂ የያዘውም ውሻ ያካል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 አይሶክሳዞሊን የሚባሉት የቁንጫ መድኃኒቶች በአንዳንድ እንስሳት ላይ መንቀጥቀጥና የሚጥል ዓይነት ሕመም ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል፤ ለብዙዎቹ ደህና መሆናቸውንም አልካደም። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ደግሞ ድመት ይገድላል። እንዲህ ያለ ነገር በግምት አይሰጥም።

እርግጥ ሚዶውም ይሳሳታል። ጸጉሩ የወፈረ ውሻ ቁንጫውን ይደብቃል፤ ቁንጫ አለርጂ የሚሆንበት ውሻ ደግሞ እየላሰ ማስረጃውን ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ቀን ንጹሕ መውጣቱ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። በሞቃቱ ወራት በሳምንት አንዴ፣ የዱር እንስሳ ካለበት ሜዳ ከተመለሱ በኋላም ማበጠር ተገቢ ነው። የሞተ ስኩዊረል ወይም ፕሬሪ ዶግ ያሸተተ ውሻ ካተኮሰው ወይም መንጋጋው ሥር ካበጠ ግን ሚዶውን ትቶ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ መሄድና የነካውን መንገር ይገባል።