አፈርን አግሎ ብስባሹን መለካት፤ ስሕተቱ ከወዴት ይመጣል?

በወረታ ዙሪያ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ አፈሩ አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ሪብና ጉማራ ከደጋው ያጠቡትን ደለል ያለብሱታል፤ ሩዝ ይበቅልበታል፤ ሩዙም ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። መልኩ ጥቁር ስለሆነ ብዙ ብስባሽ፣ ማለት የበሰበሰ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት ያለበት ይመስላል። የላቦራቶሪ ወረቀትም «ብስባሹ 8 ከመቶ ነው» ቢል፣ ገበሬው ፍግ መጨመሩን ትቶ ከብቱ የሰጠውን ሁሉ ኩበት አድርጎ ያነደዋል። ቁጥሩ የተሳሳተ እንደሆነ ጉዳቱ በጎተራ ይታያል።

በሙቀት የመለካቱ ሥራ እንዲህ ነው። አፈሩ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርቆ ይመዘናል፤ ቀጥሎ በላቦራቶሪ ምድጃ እስከ 550 ዲግሪ ይግላል፤ ከዚያም እንደገና ይመዘናል። የጎደለው ክብደት ሁሉ የተቃጠለ ብስባሽ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ነገር ግን የሚጎድለው ብስባሽ ብቻ አይደለም።

አንደኛ፤ የዋልካ ቅንጣት በ105 ዲግሪ የማይለቀውን ውሃ በውስጡ አስሮ ይዟል። ሸክላ ሠሪ ማሰሮዋን በእሳት ስትተኩስ የሚወጣው ይኸው ውሃ ነው፤ የተተኮሰ ማሰሮ ተመልሶ ጭቃ የማይሆነውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ዋልካ ብስባሽ ባይኖርበት እንኳ በምድጃ ውስጥ ክብደቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፤ አስቀድሞ በሚገባ አለማድረቅ ነው። ለምሳሌ 20 ግራም አፈር ሲደርቅ 18 ግራም ቢሆንና ሲግል 1.44 ግራም ቢጎድል፣ ጉድለቱ 8 ከመቶ ነው። ሳይደርቅ ወደ ምድጃ ቢገባ ግን 3.44 ግራም ይጎድላል፤ ከ20 ግራሙም 17 ከመቶ ያህል ሆኖ ይጻፋል።

ሦስተኛ፤ የሙቀቱና የሰዓቱ ልዩነት ነው። በ360 ዲግሪና በ550 ዲግሪ የተገኙ ቁጥሮች አይወዳደሩም። ሙቀቱ ከዚህም እጅግ ሲያልፍ በአፈሩ ያለው ኖራ ጭምር ይፈርሳል። የጋለውም አፈር ክፍት ቦታ ላይ ከቀዘቀዘ የአየሩን እርጥበት ስቦ ክብደት ይጨምራል።

አራተኛ፤ ስሕተቱ ከማሳው ሊጀምር ይችላል። የሩዝ ሥር፣ ገለባ ወይም ኩበት ከአፈሩ ጋር ከተላከ አብሮ ተቃጥሎ እንደ ብስባሽ ይቆጠራል።

ስለዚህ ገበሬ ሆይ፤ አፈር ስታስመረምር ከማሳህ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ውሰድ፤ በረት ከነበረበት ስፍራ አትውሰድ። ሥሩንና ገለባውን ለቅመህ ደባልቀው፤ በጥላም አድርቀው።

የልማት ሠራተኛም ውጤቱን ከማስረዳቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ አፈሩ አስቀድሞ ደርቋልን? በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት ጋለ? ከዚህ ሜዳ የተወሰዱ አንዳንድ ናሙናዎችስ ዎክሊና ብላክ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኬሚካል ዘዴ ተመርምረው ተነጻጽረዋልን? ማነጻጸሩም ለየአፈሩ ዓይነት ይሁን፤ ለደጋው ቀይ አፈር የተገኘው ማስተካከያ ለፎገራ ዋልካ አይሆንም። የኬሚካሉ ዘዴ የሚሰጠው ካርቦንን ስለሆነ፣ በተለመደው ስሌት በ1.724 ተባዝቶ ወደ ብስባሽ ይለወጣል።

አለካኩ እስኪጣራ ድረስ በከፍተኛ ቁጥር ተማምኖ ፍግንና ገለባን ከማሳ መከልከል አይገባም።