የመምህራን አድማ ኃይሉ ከየት ነው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2012፣ ሰኞ ጠዋት፣ በቺካጎ ከተማ 26,000 ገደማ መምህራንና የትምህርት ቤት ሠራተኞች ክፍል አልገቡም። ቀይ ቲሸርት ለብሰው በየትምህርት ቤታቸው በር ላይ ተሰለፉ። 350,000 ያህል ተማሪዎች ትምህርት ተቋረጠባቸው፤ ወደ ሥራ የሚጣደፉ ወላጆችም ልጆቻቸውን የት እንደሚያውሉ ጨነቃቸው። ከተማዋ የመምህራን አድማ ካየች 25 ዓመት ሆኗት ነበር።

መምህር ልጆችን ትቶ መውጣት ይገባዋል? ደመወዙ ከሕዝብ ግብር የሚከፈል ሠራተኛስ በማኅበር ተደራጅቶ የተመረጠን መንግሥት እጅ መጠምዘዝ ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች ከቺካጎም ከአሜሪካም አልፈው ይሄዳሉ፤ እኛንም በታሪካችን ትልቅ ቦታ ላይ አግኝተውናል። መልስ ለመስጠት ግን መጀመሪያ የዚህ አድማ አሠራር ሊገባን ይገባል።

ከፋብሪካ አድማ በምን ይለያል?

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ማሽኑ ይቆማል፣ ባለቤቱም በየቀኑ ገንዘብ ያጣል። ኪሳራው ሲበዛበት ወደ ድርድር ይመጣል። ሠራተኛውም ቢሆን ልኩን ያውቃል፤ ከመጠን በላይ ቢጠይቅ ድርጅቱ ይዘጋና እንጀራውን ያጣል።

በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሚዛን የለም። ትምህርት ቤቱ ትርፍ አያገኝም፤ ግብሩ አድማ ኖረም አልኖረም ይሰበሰባል። በመጀመሪያ የሚጎዱት ልጆችና ወላጆች ናቸው። ጫናው ወደ ባለሥልጣኑ የሚደርሰው በወላጆች ቁጣ በኩል ነው። ቁጣው ወደ ከንቲባው ከዞረ መምህራኑ ያሸንፋሉ፤ ወደ መምህራኑ ከዞረ ይሸነፋሉ። የመምህራን ማኅበር ጉልበት ከካዝናውና ከአባላቱ ብዛት ይልቅ የወላጆች አመኔታ ነው።

ሁለቱ ወገኖች

የማኅበራቱ ኃይል ይገደብ የሚሉት ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የሠራተኞች ወዳጅ ተብለው የሚታወቁት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንኳ በ1937 ለፌዴራል ሠራተኞች ማኅበር መሪ በጻፉት ደብዳቤ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የኅብረት ድርድር እንዳለ ወደ መንግሥት ሥራ ሊገባ እንደማይችል ገልጸው ነበር። የመንግሥት አሠሪ መላው ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ደግሞ ፍላጎቱን የሚገልጸው በመረጣቸው ሰዎችና በሚያወጡት ሕግ ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። የዛሬዎቹ ተቺዎች ደግሞ ሌላ ይጨምራሉ፦ ማኅበሩ በምርጫ ዘመቻ ገንዘብና ሰው አሰልፎ ከንቲባውን ካስመረጠ፣ ነገ ከዚያው ከንቲባ ጋር ሲደራደር በጠረጴዛው ሁለት ጎን መቀመጡ ነው። ግብር ከፋዩን ማን ይወክለዋል?

ደጋፊዎቹም ከባድ ነጥብ አላቸው። በአንድ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት አሠሪ አንድ ነው፤ አንድ መምህር ብቻውን ቆሞ ሊደራደረው አይችልም። የክፍል ጥበት፣ የነርስ አለመኖር፣ የቤተ መጻሕፍት መዘጋት በምርጫ ድምፅ ስለማያስጥል ለዓመታት ይንከባለላል። ልጆች ድምፅ አይሰጡም። ስለ ክፍሉ በየቀኑ የሚያውቀው መምህሩ ነው፤ እሱ ዝም ካለ ማን ይናገራል?

ሁለቱም ክርክሮች እውነት አላቸው። ስለዚህ በመርህ ብቻ ከመሟገት፣ በተግባር የሆነውን ማየት ይጠቅማል።

ቺካጎ፦ አጥሩ ያጠነከረው ማኅበር

በ2011 የኢሊኖይ ግዛት የቺካጎ መምህራን አድማ እንዳይመቱ የሚያከብድ ሕግ አወጣ። ለአድማ የጠቅላላው አባላት 75 በመቶ ድጋፍ ያስፈልጋል ተባለ፤ ድምፅ ሳይሰጥ የቀረ ሁሉ እንደተቃወመ ይቆጠራል ማለት ነው። በዚያው ዓመት የትምህርት ቦርዱ በስምምነቱ የተያዘውን የ4 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ሰረዘ። ከንቲባ ራም ኢማኑኤል የትምህርት ቀኑ እንዲረዝምና መምህራን በተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት እንዲመዘኑ ግፊት ያደርጉ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ካረን ሉዊስ ለረጅም ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማሩ መምህርት ነበሩ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው አመራሩን በ2010 ከመያዛቸው በፊት፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋባቸው ከነበሩ የድሃ ሰፈር ወላጆች ጋር አብረው ስብሰባ ሲቀመጡና አቤቱታ ሲያሰሙ ቆይተዋል። የ75 በመቶው አጥር ሲመጣ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ አባሎቻቸውን አንድ በአንድ አነጋገሩ። በ2012 ድምፅ ሲሰጥ ከጠቅላላው አባላት 90 በመቶ ገደማው አድማውን ደገፈ። አድማ እንዳይኖር የታሰበው ሕግ ማኅበሩን ከመቼውም በላይ አደራጀው።

አድማው ሰባት የትምህርት ቀናት ፈጀ። በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ከተቃወሙት ይልቅ የደገፉት በለጡ፤ ልጆቻቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ዘንድ ድጋፉ የበለጠ ነበር። መምህራኑ የደመወዝ ጭማሪ አገኙ፤ የፈተና ውጤት በምዘናው ውስጥ የሚኖረው ድርሻም ሕጉ ከሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን እንዳያልፍ አደረጉ። ሆኖም በቀጣዩ ዓመት ከተማዋ 50 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችን ዘጋች። ማኅበሩ ጮኸ፤ ማስቆም ግን አልቻለም። ሁሉን ቻይ ነው ለሚሉት ይህ ጥሩ መልስ ነው።

በ2019 እንደገና ለ11 የትምህርት ቀናት አድማ ተመታ። ያን ጊዜ ከደመወዝ ባሻገር በየትምህርት ቤቱ ነርስና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እንዲኖር፣ የክፍል ተማሪ ቁጥርም እንዲገደብ ተጠየቀ፤ ሁለቱም በስምምነቱ ገቡ።

ሕግ ቢከለክልስ?

ከ30 በላይ በሚሆኑ የአሜሪካ ግዛቶች የመምህራን አድማ ሕገ ወጥ ነው። በኒውዮርክ ከ1967 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ አድማ የመታ የመንግሥት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የአድማ ቀን የሁለት ቀን ደመወዝ ያጣል። ክልከላ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በ2018 በዌስት ቨርጂኒያ፣ አድማ በማይፈቀድበት ግዛት፣ በ55ቱም ካውንቲዎች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የማኅበራቱ መሪዎች ከአገረ ገዥው ጋር ተስማምተናል ብለው ወደ ሥራ ተመለሱ ሲሉ፣ መምህራኑ የራሳቸውን መሪዎች አልሰማ ብለው ቀጠሉ። በትምህርት ቤት ምግብ ለሚያድሩ ልጆችም ምሳ እያሰናዱ ያከፋፍሉ ነበር። ከዘጠኝ የትምህርት ቀናት በኋላ ግዛቱ ለመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ 5 በመቶ ጭማሪ አጸደቀ። ችግሩ ከተጠራቀመ ሕግ ብቻውን መምህርን ክፍል ውስጥ አያቆይም፤ ማኅበርም ቢሆን አባላቱን እንደ በግ አይነዳም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃነስ ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ አባል ያልሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ለማኅበር ድርድር መዋጮ እንዲከፍል ሊገደድ አይችልም ብሎ ወሰነ። ማኅበራት አባላቸውን በሕግ ግዴታ ሳይሆን በማሳመን ብቻ ማቆየት ግድ ሆነባቸው።

ማኅበሩ ወደ ሥልጣን ሲጠጋ

የተቺዎች ሥጋት በግልጽ የታየው በ2023 ነው። የቀድሞው መምህርና የቺካጎ መምህራን ማኅበር አደራጅ ብራንደን ጆንሰን፣ ማኅበሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ባወጣበት ዘመቻ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በቀጣዩ ዓመት በትምህርት በጀት ላይ በተነሳ ውዝግብ መካከል ከንቲባው የሾሟቸው የትምህርት ቦርድ አባላት በሙሉ ለመልቀቅ ወሰኑ። በ2025 ያለ አድማ አዲስ ስምምነት ተፈረመ። ልጆች አንድ ቀን እንኳ አላጡም፤ ግብር ከፋዩ ግን በድርድሩ ላይ ማን እንደ ቆመለት መጠየቁ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ተቺዎቹ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱ ማኅበሩን ማፍረስ ሳይሆን፣ የድርድር ሰነዱና ወጪው ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ተዘርግቶ እንዲመረመር ማድረግ ነው።

የካቲት 1966

ጉዳዩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አድማ መታ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ሥራ አቆሙ። መምህራኑ የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው፤ አብሮት የቀረበው ግን ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ እንዲቀር ነበር። ዕቅዱ ለሁሉም የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ ያለመ ሲሆን፣ ብዙ ወላጆች ግን የድሃ ልጅ ከዚያ በላይ እንዳይማር የሚያግድ አድርገው አዩት። የመምህሩ ጥያቄና የወላጁ ሥጋት አንድ ሆነ። መንግሥት ዕቅዱን አዘገየ፤ የወታደሩ ዐመፅም ተጨምሮ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ በየካቲት 20 ሥልጣኑን ለቀቀ።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ጭምር የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይደነግግና፣ የትኞቹ እንደሆኑ በሕግ እንዲወሰን ይተወዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚተዳደሩትን አያካትትም። በሕገ መንግሥቱ የተሰጠው ተስፋ ለመንግሥት መምህሩ የሚደርስበት መንገድ በግልጽ ሕግ ሊነጠፍ ይገባል።

ልጆቹስ?

በአርጀንቲና የተደረገ ጥናት፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸው ዘመን በተደጋጋሚ አድማ ያለፉ ልጆች ሲያድጉ ገቢያቸው ቀንሶ አግኝቶታል፤ በአማካይ በወንዶች 3.2፣ በሴቶች 1.9 በመቶ። እዚያ የአድማ ቀናቱ ተደማምረው ወራት የሚሞሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2023 በአሜሪካ የተመቱ 772 አድማዎችን የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የመምህራን ክፍያ ከአምስት ዓመት በኋላ በአማካይ 8 በመቶ ማደጉን፣ በተማሪዎች ውጤት ላይ ግን የሚታይ ጉዳት አለመድረሱን አሳይቷል። አብዛኞቹ በአምስት ቀን ውስጥ ያበቁ ነበሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው የሚያስተምሩን ግልጽ ነው፦ ልጅን የሚጎዳው የተራዘመና የተደጋገመ አድማ ነው።

ስለዚህ የመምህራን አድማ ስንሰማ ለመደገፍም ለመቃወምም ከመቸኮላችን በፊት የምንጠይቃቸው ነገሮች አሉ። አባላቱ በምስጢር ድምፅ ወስነዋል? ስንቶቹ? ጥያቄው ውስጥ ልጁ የሚማርበት ክፍል አለ ወይስ ደመወዝ ብቻ? ወላጆች አስቀድሞ ተነግሯቸዋል? የባከኑት ቀናት እንዴት ይካካሳሉ? መንግሥትንም እንጠይቅ፦ ችግሩን መቼ ሰማ? ለመደራደር ስንት ወር ዘገየ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ያለው ማኅበር ኃይሉ አያስፈራም። መምህሩ ሥራ ማቆም እንደሚችል ሲታወቅ ነው ድርድሩ በቁም ነገር የሚያዘው፤ ይህን መብት መንጠቅ ችግሩን ከክፍሉ አያስወጣውም።