ጣራ የሌለው ሙዚየም በአራዳ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነስቶ በፒያሳ አድርጎ እስከ አራት ኪሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው የኢትዮጵያን የዘመናዊ ሥራ ታሪክ ያቋርጣል። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ ሕንፃውን የሠራው እዚሁ አራዳ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ሲቀበል ኖሯል። ከፒያሳ ሳይርቅ የቤተ መንግሥት የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር አለ። አራት ኪሎ ሲደረስ ደግሞ በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይገኛል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሳይና የሚያስረዳ ሙዚየም ግን የለም።

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዘውድ ወይም ጋሻ ነው። ሌላ ዓይነትም አለ። ስዊድናዊው አርቱር ሃዜሊዩስ እ.ኤ.አ. በ1891 ስቶክሆልም ውስጥ ስካንሰንን ሲከፍት፣ አሮጌ ቤቶችን ከየገጠሩ አስነቅሎ በሰፊ ግቢ ውስጥ መልሶ አቆማቸው፤ የእጅ ባለሙያዎችም ሥራቸውን እየሠሩ ለጎብኚ እንዲያሳዩ አደረገ። እንግሊዞች ሐሳቡን ወደ ፋብሪካ ዘመናቸው አመጡት። እ.ኤ.አ. በ1973 በተከፈተው የብሊስትስ ሂል ሙዚየም ጎብኚው መጀመሪያ ወደ ባንኩ ገብቶ ገንዘቡን በጥንቱ ሳንቲም ይመነዝራል፤ በዚያም ሳንቲም ከየሱቁ ይገበያያል። ማተሚያው ያትማል፤ ሻማ ሠሪውም ሻማ ይሠራል።

የእንዲህ ዓይነቱ ሙዚየም ዋና ሀብት ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነው። የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ የሌለው ማሽን ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይቀራል።

የእርሳስ ፊደል ለቀማን እንውሰድ። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ጋዜጣና መጽሐፍ የሚዘጋጀው ፊደል በፊደል ተለቅሞ ነበር። የላቲን ፊደል ለቃሚ 26 ሆሄያትን በትልቁና በትንሹ ቅርጻቸው ይዞ ይሠራል። የአማርኛው ለቃሚ ፊት ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ተዘርዝረው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ለቃሚው እያንዳንዱን ሆሄ ከየሳጥኑ በጣቱ እያነሳ፣ ተገልብጦ የተቀረጸውን መልክ በዓይኑ እያነበበ፣ መስመሩን በመስመር ላይ ይደረድራል። በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የ“ብርሃንና ሰላም” ጋዜጣ አንባቢው እጅ የገባው በእንዲህ ያለ ድካም ነው። ይህ ዕውቀት ያለው በለቃሚዎቹ እጅ ነው፤ ሌሎች ካልተማሩት አብሯቸው ይሄዳል።

ፒያሳ ዛሬም የሚሠራ እጅ አላጣችም። በወርቅ ቤቶቹ ጓዳ አንጥረኛው ብርና ወርቅ ያቀልጣል። ቶሞካ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቡና እየቆላ ያጠጣል፤ ሽታው ከበሩ አልፎ መንገደኛውን ይቀበለዋል። እነዚህ ቤቶች ለሙዚየም ተብለው ቢሠሩ ኖሮ ብዙ ገንዘብ በፈጁ ነበር። አሁን ግን በራሳቸው ገቢ የሚተዳደሩ፣ ደንበኛ ያላቸው ሕያው ቤቶች ናቸው።

ከአራዳ ውጭ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ድሬዳዋ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ 784 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ አዲስ አበባ ገባ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አሮጌውም ጡረታ ወጥቷል። የድሬዳዋው የጥገና ወርክሾፕ ግን ከነቶርኖዎቹና ከነአሮጌ ሎኮሞቲቮቹ እስካሁን ጎብኚን ያስገርማል። መሣሪያው ከቦታው ባለመነቀሉ ታሪኩን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

አራዳ ላይ ግን ጊዜው እየጠበበ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. የተነሳው እሳት የጣይቱ ሆቴልን ክፉኛ ጎድቶታል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ነባር የፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄደዋል። በዚያው ዓመት የካቲት 3 ቀን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመርቋል። ከተማዋ ታሪኳን ለማሳየት ፈቃዱም አቅሙም እንዳላት መታሰቢያው ራሱ ምስክር ነው። የጦር ሜዳው ጀግንነት ቦታ እንዳገኘ ሁሉ የሥራው ጀግንነትም ቦታ ይገባዋል።

ለመጀመር የግድ አዲስ ሕንፃ መገንባት አያስፈልግም። ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ በየታሪካዊው ቤት ደጃፍ አጭር ማብራሪያ መለጠፍ ይቻላል። ከማተሚያ ቤት የተሰናበቱ ማሽኖች ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከመሸጣቸው በፊት አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው፣ ጡረተኛ ባለሙያዎች ለተማሪዎች ሲያሠሯቸው መዋል ይችላሉ። ነባሮቹ ወርቅ ሠሪዎችና ቡና ቆዪዎች በኪራይ ጭማሪ ወይም በግንባታ ከቦታቸው እንዳይነቀሉ ጥበቃ ሊደረግላቸው ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገው የቅርስ ጥበቃም ከቤተ መንግሥትና ከቤተ እምነት አልፎ የሥራ ቤቶችን እንዲያይ የከተማው አስተዳደርና የቅርስ ባለሥልጣኑ ሊተጉ ይገባል።

አንባቢም ድርሻ አለው። አባቱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ አያቱ የባቡር መካኒክ የነበሩ ሰው በቤቱ ያለውን አሮጌ መሣሪያ፣ የደመወዝ ደብተርና ፎቶግራፍ አይጣል። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ሥራቸውን ይጠይቃቸው፤ በድምፅም በምስልም ይቅረጻቸው።