ጆሮ ቀድሞ ያወቀው ብረት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ «ኢምፕላንት» ሲባል ብዙ ሴት መጀመሪያ የምትነካው ክንዷን ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን ማስገባት ከጀመሩ ወዲህ ቃሉ የወሊድ መከላከያዋ ሆኖ ቀርቷል። ኢምፕላኖን ግን ብረት የለባትም፤ የክብሪት እንጨት የምታህል ተጣጣፊ ፕላስቲክ ናት። እዚህ የማስተዋውቀው ሌላውን ነው፦ ሰዉ ባጭሩ «ብረት ገብቶለታል» የሚለውን፣ እሱንም አልቀበልም ከሚል ሰውነት ጋር።

ብረት የሚገባለት ሰው በዚህ አገር አይጠፋም። ሐይቅን ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ያቋርጣታል፤ ያው መንገድ በአምባሰሏ ውጫሌም ያልፋል፤ ባጃጁም አይሱዙውም ፋታ አይሰጥም። የአምባሰልን ገደል ደግሞ መስከረም 21 ግሸን ማርያም የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ መንገድ ሲያልፍ የጥይትና የፍንጣሪ ስብራት ተጨመረበት። ሰው ሲሰበር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው፤ አሽቶ፣ ጎትቶ፣ በሸምበቆ ያስራል። ወጌሻ የሚያስረው ከውጭ ነው። ሆስፒታል ከውስጥ ያስራል፦ አጥንቱ ላይ ፕሌት በስክሩ ይጠብቃል፣ ወይም መቅኔው ውስጥ ኔይል የሚባል ረጅም ዘንግ ይገባል።

ቅሬታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ብረቱ ብርድ ይስባል» ይባላል፤ ክረምት ሲገባ ይቆረጥማል። ቁርጥማት ብቻውን ሰውነት ብረቱን አልቀበልም የሚልበት የአለርጂ ምልክት አይደለም። የአለርጂው መልክ ሌላ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ብረቱ ካለበት በላይ ያለው ቆዳ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ያወጣል፣ ይቀረፋል። አንዳንዴ ሽፍታው ከብረቱ ርቆ ክንድና ደረት ላይ ይወጣል፤ ያኔ እግሩ ውስጥ ካለው ፕሌት ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። ሰው ሠራሽ ጉልበት ወይም ዳሌ የተገጠመለት ደግሞ ሊያብጥበት፣ ሊያመው፣ መገጣጠሚያውም ሊላላበት ይችላል።

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ኒኬል ነው፤ ኮባልትና ክሮሚየም ይከተሉታል። የሰውነት ፈሳሽ ጨዋማ ስለሆነ ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ከላዩም እጅግ ደቃቅ የኒኬል ቅንጣት ይለቀቃል። ቅንጣቱ ለብቻው ለሰውነት ዘበኞች አይታይም፣ ትንሽ ነዋ። ግን ከገዛ ፕሮቲናችን ጋር ሲጣበቅ ያ ፕሮቲን ባዕድ መስሎ ይታያል። ነጭ የደም ሕዋሳት መልኩን ይይዙና በሌላ ቀን ሲያገኙት ይሰበሰቡበታል፤ ለመሰብሰብ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። ቅዳሜ ለሰርግ የተደረገ ጉትቻ ሰኞ የሚያሳክከው ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚወቀሰው የሰርጉ ምግብ ነው።

የመጀመሪያው ትውውቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በተበሳ ጆሮ ነው፤ ሴቶች ላይ የሚበዛውም ስለዚህ ነው። «አርቲፊሻል አይስማማኝም» የምትል ሴት ሳታውቀው የሕክምና ታሪኳን እየተናገረች ነው። የአያቶቿ ጌጥ ይህን ችግር ብዙም አያውቀውም። የድሮው ብር ሠሪ ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርትሬዛ፣ እያቀለጠ ይሠራ ነበር፤ ማርትሬዛ ደግሞ ከ1000 እጁ 833ቱ ጥሩ ብር፣ የቀረው ባመዛኙ መዳብ ነው። ዛሬ ስሙ ብቻ ብር የሆነ፣ ከመዳብ፣ ከዚንክና ከኒኬል የተቀላቀለ ጌጥ አለ። አውሮፓውያን ቆዳ በሚነካ ዕቃ ላይ የኒኬል ገደብ ያወጡት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ አጥንት ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው? በብዛት የሚሠራበት 316 ኤል የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው፤ ለሰውነት ተብሎ ሲሠራ ከመቶ 13 እስከ 15 እጁ ኒኬል ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙ የተሠራባቸው የሳይን ኔይሎችም ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው። ሳይን በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ኔይሉ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ያለ ኤክስሬይ እንዲገባ ተደርጎ ተነድፏል፤ አቅም ለሌላቸው ሆስፒታሎችም በነፃ ይሰጣል። ያ ኔይል ስንቱን ከአልጋ እንዳነሣ ሳስብ «ኒኬል አለበት» ብሎ ሰው ማስፈራራት ነውር ይመስለኛል። ላዩን የሚሸፍነው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ኒኬሉን ይዞ ያቆየዋል፤ ጉትቻ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ሰዎች እንኳ ፕሌቱን በሰላም ተሸክመው ይኖራሉ። ቲታኒየም ኒኬልን ለሚፈራ የተሻለ ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ሕመምተኛ ሲናገር አለመደመጥም የዚህ ታሪክ አካል ነው። ፕሌት አጥንት ላይ መታሰር የጀመረው በ1886 እ.ኤ.አ. በሐምቡርጉ ሐኪም ሐንስማን ነው፤ የብረት ሽፍታ በሕክምና ጽሑፍ በግልጽ የተመዘገበው ግን በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢሹር የተባለ፣ ከግማሽ በላይ ኒኬል ካለበት ቅይጥ የተሠራ የማሕፀን ቱቦ መዝጊያ የተደረገላቸው ሴቶች ሕመም፣ ደም መፍሰስና ሽፍታ እያሉ ለዓመታት ጮኹ። ባየር ኩባንያ እዚያ መሸጡን ያቆመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ሁሉም ሕመም የኒኬል ነበር ማለት አይደለም፤ ለብዙዎቹ ሴቶች ግን መጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ «ጭንቀት ነው» የሚል ነበር።

በተቃራኒው መሳሳትም አለ። ፕሌት ያለበት እግር ቀልቶ ካበጠ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን ነው። «አለርጂ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ቤት መቀመጥ እግር ያሳጣል። መግልና ትኩሳት ይታያል፣ ደም ይመረመራል፣ ኤክስሬይ ይነሣል፤ ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ወደ አለርጂ የሚኬደው። አጥንቱ ከገጠመ ፕሌቱ ሊወጣ ይችላል፣ ቆዳውም አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል፤ ሰው ሠራሽ ጉልበት ያለው ሰው ይህ ዕድል የለውም። ለዚህ ነው ጆሮዋ ጉትቻ የማይወድ ሴት ነገሩን ለአጥንት ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብትነግረው፣ ሆስፒታል ስትለቅም የገባላት ብረት ዓይነት በወረቀት ቢጻፍላት የምለው።

የቆዳ ነገር ሲነሣ የወሎ ሰው የሚጠራው ደሴ አጠገብ ያለውን የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ነው። የአለርጂው መመርመሪያ፣ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ፣ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ኒኬል የተቀባ ማጣበቂያ ሰኞ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ገላ መታጠብም ላብ የሚያስወጣ ሥራም የለም። ረቡዕ ይነሣና ይታያል፤ ዓርብ ደግሞ ይታያል፣ ምክንያቱም ረቡዕ ንጹሕ የነበረ ነጥብ ዓርብ ቀልቶ ሊገኝ ይችላል። ከውጫሌ የመጣ ገበሬ ግን ረቡዕ «እስካሁን ምንም አይታይም» ሲባል ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። ዓርብ ድረስ የሚያሳድረው ዘመድ ያሻዋል።