ሙቀትን ከዳሳሽ የማራቅ ትግል፦ የሃብል ካሜራ ቅዝቃዜውን እንዴት ይጠብቃል?

በፔርሙዝ የተቀመጠ ሻይ ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ የሚቆየው በሁለቱ ግድግዳዎቹ መካከል የነበረው አየር ስለተወገደ ነው።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በግንቦት 2009 ጠፈርተኞች በሃብል ቴሌስኮፕ ላይ የገጠሙት 'ዋይድ ፊልድ ካሜራ 3' ግን የሚጠብቀው ቅዝቃዜን ነው። የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚቀበለው ዳሳሹ የሚሠራው ከዜሮ በታች 128 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ከሞቀ፣ ሙቀቱ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ምልክት ከሩቅ ጋላክሲዎች ደካማ ብርሃን ጋር ይደባለቃል።

ማቀዝቀዣው እንደ ቤት ፍሪጅ ሞተርም ጋዝም የለውም። ቀድሞ ሰዓት ሠሪ የነበረው ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲየር በ1834 እንዳስተዋለው፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት በሁለት የተለያዩ ብረቶች መጋጠሚያዎች ሲያልፍ አንዱ ይቀዘቅዛል፤ ሌላው ይሞቃል። ዛሬ ሥራውን የሚሠሩት ጥቃቅን የሰሚኮንዳክተር እግሮች ናቸው። በሃብል ካሜራ ስድስት ደርብ ተነባብረዋል፤ እያንዳንዱ ደርብ ከበላዩ ያለውን ሙቀት ተቀብሎ ወደ ታች ያሻግራል።

የላይኛው ደርብ የመሸከም አቅም ግን እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሾልኮ የሚገባ ጥቂት ሙቀት እንኳ ያሸንፈዋል።

ባዶው ቦታ በአየር የሚመጣውን ሙቀት ያስቀራል፤ ጨረርን ግን አያግድም። በ27 ዲግሪ ሙቀት ያለ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ጥቁር ገጽ 46 ሚሊዋት ገደማ ይረጫል። መሐንዲሶች ዳሳሾችን በሚያብረቀርቁ ጋሻዎች የሚከቡት ለዚህ ነው።

ሽቦዎችም ድልድይ ናቸው። መዳብ ኤሌክትሪክን የሚያህል ሙቀትንም አሳላፊ በመሆኑ፣ የዳሳሽ ምልክት የሚያስተላልፉት ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙ ጊዜ ከኮንስታንታን ይሠራሉ፤ ይህ ቅይጥ የሚያሳልፈው ሙቀት የመዳብን አንድ ሃያኛ ገደማ ብቻ ነው። ቀዝቃዛውን ክፍል ከሞቃቱ ጋር የሚያስረው ብሎንም ከማይዝግ ብረት የተሠራና ቀጭን፣ ሮንዴላውም ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል።

አስቸጋሪው ነገር ከታች በኩል ነው፤ እዚያ ሙቀቱ በፍጥነት መውጣት አለበት። ለስላሳ የሚመስሉ ሁለት የብረት ገጾች በእርግጥ የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። ምድር ላይ ክፍተቱን አየር ይሞላዋል፤ በባዶ ቦታ ግን የሚሞላው የለም። ተራ ግራሶ ከተቀባ ደግሞ ተኖ በአካባቢው እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ነገር፣ ማለትም በዳሳሹ ላይ ሊያርፍ ይችላል። መፍትሔው በመካከላቸው ስስ የኢንዲየም ቅጠል አስገብቶ መጭመቅ ነው። ይህ ብረት እጅግ ለስላሳ በመሆኑ ሸካራነቱን ተከትሎ ክፍተቱን ይደፍናል።

ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በውጭ ሰሌዳ በኩል ወደ ጠፈር ይረጫል። ካልወጣ በማቀዝቀዣው በራሱ እግሮች ተመልሶ ወደ ዳሳሹ ይወጣል።